ካራቫን፣ ታጣፊ ተጎታች ወይስ ጣሪያው ላይ ድንኳን ያለው መኪና? ለአውስትራሊያ በረሃ ጉዞ የቀረበ ንጽጽር

ለአውስትራሊያ መሀል አገር በረሃ ጉዞ ካራቫን (በመኪና የሚጎተት ቤት) ሊገዛ የወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያየው አልጋውንና ወጥ ቤቱን ነው። እኔ ግን ከመንገዱ ቢጀምር እመክራለሁ። በደቡብ ከፖርት ኦገስታ ተነሥቶ በአሊስ ስፕሪንግስ በኩል በሰሜን ዳርዊን የሚደርሰው፣ ከ2,700 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የስቱዋርት አውራ ጎዳና ሙሉ በሙሉ አስፋልት ሲሆን፣ ማርላ ላይ ከእርሱ ጋር የሚገናኘው የኡድናዳታ መንገድ ግን ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ኮረኮንች ነው። በመጀመሪያው ላይ ያለ ሐሳብ የሚጎተት ቤት በሁለተኛው ላይ በሁለት ቀን ሊላላቅ ይችላል።

አስፋልቱን ለማይለቅ ቤተሰብ፣ በተለይም ሕፃናት ወይም አረጋውያን ላሉበት፣ ትልቁን ካራቫን የሚተካከለው የለም። ቀኑን ሙሉ ሲነዳ የዋለ ሰው ደርሶ የካራቫኑን መደገፊያ እግሮች አውርዶ ሻይ ይጥዳል፤ አልጋው ተነጥፏል፤ መታጠቢያውም እዚያው ነው። የካራቫኑ ትልቁ ችግር ክብደቱ ነው፤ ሻጮችም ይህን በዝርዝር ሲያስረዱ ብዙም አልሰማሁም። ባዶውን 2,500 ኪሎ የሚመዝንና የተፈቀደለት ጠቅላላ ክብደት 3,000 ኪሎ የሆነ ካራቫን 500 ኪሎ ዕቃ ይይዛል ማለት ነው። ከዚህ ላይ 180 ሊትር ውኃና ሁለት የጋዝ ሲሊንደር ብቻ ሲቀነስ፣ ለምግብ፣ ለልብስ፣ ለመሣሪያና ለተጨማሪ ጎማ የሚተርፈው 280 ኪሎ ገደማ ነው። በመኪናው በኩልም ሒሳቡ ቀላል አይደለም፤ 3,500 ኪሎ ይጎትታል የተባለ ፒክአፕ የመኪናውና የተጎታቹ ድምር ከ6,000 ኪሎ እንዳይበልጥ ከተወሰነበትና መኪናው ራሱ ተጭኖ 3,200 ኪሎ ከደረሰ፣ ለተጎታቹ የሚቀረው 2,800 ኪሎ ብቻ ነው። ስለዚህ ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት ካራቫኑን ሚዛን ላይ እንዲያወጡልዎ ይጠይቁ።

በኮረኮንች መንገድ ላይ ታጣፊው ተጎታች፣ ማለትም ሲደርሱ የሚዘረጋ ሸራ ያለው ቀለል ያለ ተጎታች፣ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። እነዚህ መንገዶች በረዥም ርቀት እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ የተሸነሸኑ ናቸው፤ መንቀጥቀጡ ቡሎን ያላላል፣ ብየዳ ይሰነጥቃል። አንድ ጊዜ ከእንዲህ ያለ መንገድ ማታ ደርሰን የካራቫኑን በር ስንከፍት፣ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለው የውኃ ቧንቧ ተላቆ ወለሉ ረጥቦ፣ በአንሶላው ላይ ደግሞ ቀይ አቧራ እንደ በርበሬ ተነስንሶ አገኘን። ካራቫኑ የተሸጠልን «ለማንኛውም መንገድ» ተብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ የማምነው ከሥር ገብቼ የማየውን ነው፦ ሻንሲው የተጠናከረ መሆኑን፣ ቧንቧና ሽቦው ከጠጠር መከለሉን፣ የውኃ ታንከሩ መከላከያ ብረት እንዳለው እመለከታለሁ። የዋስትናውን ወረቀትም በየትኛው ዓይነት መንገድ ላይ እንደማይሠራ እስካውቅ ድረስ አነበዋለሁ።

ታጣፊው ከ1,200 እስከ 1,600 ኪሎ የሚመዝን በመሆኑ ነዳጅ ይቆጥባል። ይህ በበረሃ ቀላል ጥቅም አይደለም፤ በኡድናዳታ መንገድ ላይ ነዳጅ የሚገኘው በየ200 ኪሎ ሜትሩ ገደማ ሲሆን፣ ብቻውን በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ናፍጣ የሚበቃው መኪና ከባድ ካራቫን ሲጎትት እስከ 20 ሊትር ሊፈልግ ይችላል። ይሁን እንጂ ሸራውን መዘርጋትና ማጠፍ ያደክማል፤ ዝናብ ሲመታውም እንደረጠበ መታጠፉ አይቀርም። በየቀኑ ቦታ ለሚቀይር መንገደኛ ይህ ያስመርራል፤ አንድ ቦታ ሦስት ሌሊት ለሚያድር ግን እምብዛም አይከብድም።

ጣሪያው ላይ ድንኳን የተገጠመለት፣ ሞተሩ አራቱንም ጎማዎች የሚያሽከረክር መኪና ደግሞ ምንም ስለማይጎትት፣ በሰሜን ምዕራብ አውስትራሊያ ባለው የኪምበርሊ አካባቢ የሚያልፈውን 660 ኪሎ ሜትር ያህል የጊብ ሪቨር መንገድና የሲምፕሰን በረሃን የአሸዋ ክምር ለመሞከር ከሦስቱ ምርጡ ነው። ሌሊት በመሰላል መውጣትና መውረዱ አረጋውያንን ይቸግራል፤ ዳቦ ለመግዛት ሲኬድ እንኳ ቤቱን መንቀል ግድ ይላል። ጊብ ሪቨር በዝናቡ ወራት ስለሚዘጋም ጉዞው ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ቢታቀድ ይመረጣል።

ለሦስት ሳምንት ብቻ ለሚመጣ ጎብኚ መግዛት አያዋጣም፤ ይከራይ። ነገር ግን ሞተራቸው ሁለት ጎማ ብቻ የሚያሽከረክር የኪራይ መኪኖች ውል አብዛኛውን ጊዜ ከአስፋልት መውጣትን ስለሚከለክል፣ ውሉን ከመፈረሙ በፊት በዝርዝር ሊያነበው ይገባል። ለመግዛት የቆረጠም ቢሆን የመረጠውን ዓይነት ለሁለት ቀን ተከራይቶ በተፈቀደለት ኮረኮንች ላይ ይንዳው፤ ሲመለስም መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ ከፍቶ የወደቀውን፣ የላላውንና አቧራ የገባበትን በእጁ ይዳስስ።