የጠፋችው የቮላኖ ቁልፍ፦ አዲስ ማዘዝ ወይስ ቶርኖ ቤት ማሠራት?

እ.ኤ.አ. በ1968 ገበያ ላይ የዋለው ያማሃ ዲቲ 1 ሞተርሳይክል ባለ 246 ሲሲ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር ሁለት ምት ሞተር አለው። ሞተሩ ተፈትቶ ሲገጠም በቀላሉ የምትጠፋው በክራንክሻፍቱ (በሞተሩ ዋና ዘንግ) ጫፍና በቮላኖው (በዘንጉ ጫፍ ታስሮ አብሮት በሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) መካከል የምትገባው የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላት ትንሽ ቁልፍ ናት።

አዲስ ማዘዝ መጠበቅን ይጠይቃል፤ ዋጋው ግን ትንሽ ነው፣ ልኩም አያጠራጥርም።

ቶርኖ ቤት ማሠራት ቶሎ ያልቃል፤ ጣጣው ልኩ ላይ ነው። ቁልፏ ከፍ ካለች ቮላኖው በሾጣጣው ዘንግ ላይ በሙሉ አይቀመጥም፤ ዳዶው የጠበቀ ቢመስልም ቮላኖው አልያዘም። ከቀጠነች ደግሞ ቮላኖው ይዛነፍና የካንዴላው እሳት ጊዜውን ይስታል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ የብረቱ ምርጫ ነው። ቁልፏ ኃይል የምታስተላልፍ የሚመስላቸው ሰዎች እጅግ ጠንካራ ብረት ያስቆርጣሉ። ኃይሉን የሚይዘው ግን የሾጣጣው ንክኪና የዳዶው ጥብቀት ነው፤ የእርሷ ሥራ ቮላኖውን ቦታ ማስያዝ ብቻ ነው። ስለዚህ ከክራንክሻፍቱ መጠንከር የለባትም። ቮላኖው ቢንሸራተት እርሷ ትቆረጥ እንጂ የምትቀመጥበት የዘንጉ ቦይ አይቀደድ! ቁልፍ በቀላሉ ይተካል፤ ለዚህ ዕድሜ ሞተር ክራንክሻፍት ማግኘት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

እኔ መጠበቁን እመርጣለሁ። የዘንጉ ቦይ አስቀድሞ ሰፍቶ ከሆነ ብቻ የፋብሪካዋ ቁልፍ ውስጡ ትላወሳለች፤ ያን ጊዜ ቦዩን በካሊፐር ለክቶ በልኩ የሚቆርጥ ጠንቃቃ ባለሙያ መፈለግ ነው።