ዱባይ ወይስ ኢስታንቡል? የፈረንጆቹን አዲስ ዓመት ውጭ ለማሳለፍ ላሰባችሁ

ኅዳር ሲጋመስ ስልኬ ላይ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ለፈረንጅ አዲስ ዓመት ዱባይ ይሻላል ኢስታንቡል?» የጠያቂው ልብ ሁሌም ርችቱ ላይ ነው። ርችት ግን ደቂቃዎች ቆይቶ ያልቃል። ብር የሚበላው፣ እግር የሚያደክመው የቀሩት አምስት ስድስት ቀናት ናቸው።

ከቪዛው እንጀምር። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለሁለቱም ያስፈልጋል። የዱባዩን የጉዞ ወኪሎች ያስጨርሱላችኋል፤ የቱርኩ ወረቀት ይበዛዋል። ቪዛው እጃችሁ ሳይገባ ገንዘብ የማይመልስ ሆቴል እንዳትይዙ።

አየሩ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። በዚያ ሰሞን ዱባይ ቀን ቀን 25 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ማታ ስስ ሹራብ ይበቃል። ኢስታንቡል ግን ቀኑም 10 ዲግሪ ላይሞላ ይችላል። ይዘንባል፣ ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ አጥንት ይገባል፣ አንዳንዴም በረዶ ይጥላል። የአዲስ አበባን የጠዋት ብርድ ስለቻልኩ ብዬ በሸራ ጫማ ሄጄ፣ በሁለተኛው ቀን ማታ ካልሲዬን በሆቴሉ ፀጉር ማድረቂያ ሳደርቅ አመሸሁ። ልጆች ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ነገሩ እዚህ ላይ አለቀ፤ ዱባይ ሂዱ።

አሁን ወደ ርችቱ። የዱባዩ 828 ሜትር ከሚረዝመው ቡርጅ ኻሊፋ ላይ ነው የሚተኮሰው። ማማሩን ማን ይክዳል። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዲሴምበር 31 አካባቢው ያሉት መንገዶች ከቀትር በኋላ ተራ በተራ ይዘጋሉ፤ ሕንፃው አጠገብ ያለው የሜትሮ ጣቢያም አመሻሹ ላይ ይዘጋል። ሌላው የሜትሮ መስመር ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል፣ ግን እዚያ ለመድረስ በሰው ባሕር ውስጥ መራመድ አለባችሁ። አብራኝ የሄደችው እህቴ ተረከዘ ረጅም ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ ነው ጣቢያ የደረስነው። ያን ሌሊት መሀል ከተማ ያለ ሆቴል ዋጋው ጣሪያ ይነካል። ዴራ የሚባለው የድሮው ሰፈር አድራችሁ በሜትሮ ብትመላለሱ ይሻላል። ሕንፃው ረጅም ስለሆነ ከሩቅም ይታያል።

ኢስታንቡል ላይ ሁሉም ወደ ታክሲም አደባባይ ይሮጣል። ያን ምሽት ፖሊስ አካባቢውን ሊዘጋው፣ ሜትሮውም ጣቢያው ላይ ሳይቆም ሊያልፍ ይችላል። እኔ በጀልባ ወደ እስያው ወገን ተሻግሬ ካዲኮይ ነው ያመሸሁት። ጠባቧ መስታወት ብርጭቆ ውስጥ ያለው ሻይ ጣቴን እያሞቀው፣ የባሕር ወፎቹ ጀልባውን እየተከተሉ፣ ማዶ መስጊዶቹ በመብራት ደምቀው። ለዚህ ሁሉ የተከፈለው የከተማ አውቶቡስ ያህል ነው። ደግሞ የኢስታንቡል ሰዓት ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ነው፤ እናታችሁን በትክክል ስድስት ሰዓት ላይ «እንኳን አደረሰሽ» ማለት ትችላላችሁ። ዱባይ በአንድ ሰዓት ይቀድማል።

ብዙዎች የሚረሱት ጾሙን ነው። የነቢያት ጾም እስከ ገና ስለሚዘልቅ ጉዞው ሙሉ በሙሉ በጾም ውስጥ ነው የሚወድቀው። ዱባይ ላይ አትራቡም፤ ዴራ ውስጥ እንጀራና ሽሮ አለ፣ ካራማ ሰፈር ደግሞ የሕንድ አትክልት ቤቶች ሞልተዋል (ቅቤና እርጎ እንዳይገባበት ንገሯቸው)። ኢስታንቡል ላይ ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል። በወይራ ዘይት ተሠርተው ቀዝቅዘው የሚቀርቡ የአትክልት ምግቦች አሏቸው፣ ግሩም ናቸው። የምስር ሾርባው ላይ ግን ቅቤ ጣል ሊያደርጉበት ይችላሉ። ሌላው «ቺ ኮፍተ» ነው። ስሙ ጥሬ ኮፍታ ማለት ስለሆነ እንደኛ ክትፎ መስሎኝ ሁለት ቀን ሸሸሁት። ለካ በየሱቁ የሚሸጠው ሥጋ የለበትም፤ ቡልጉር ስንዴና በርበሬ ነው፣ በሰላጣ ቅጠል ጠቅልለው ይሰጧችኋል። መንገድ ላይ ደግሞ የሚጠበስ ቼስትነት የሚባል ቅርፊት ያለው ፍሬ አለ፤ ትኩሱን ኪስ ውስጥ ከተታችሁት እጅ ማሞቂያም ይሆናል።

ስለ ገንዘብ፦ የዱባይ ድርሃም ከዶላር ጋር የተሳሰረ ነው፤ አንድ ዶላር 3 ነጥብ 67 ድርሃም። ስለዚህ ወጪያችሁን ከቤት አስባችሁ መውጣት ትችላላችሁ። ሆቴሉ ግን ለአንድ ክፍል በአዳር ከ7 እስከ 20 ድርሃም የቱሪዝም ክፍያ ስለሚጨምር ጠይቁ። የቱርኩ ሊራ ግን ቶሎ ስለሚወድቅ በሊራ የተጻፈ ያምና ዋጋ ዘንድሮ ዋጋ የለውም፤ ከዓምና ተጓዥ ዋጋ አትጠይቁ። ለወርቅ የዱባዩ ዴራ፣ ለልብስ የኢስታንቡሉ ላሌሊ ሰፈር። የኢስታንቡሉ ትልቁ ገበያ እሑድ ዝግ ነው፤ የመጨረሻ ቀናችሁ እሑድ ከሆነ ቅዳሜ ግዙ።

መጠጥ ለምትሉ፣ ዱባይ ፈቃድ ካለው ቤት ውጭ አይሞከርም። ኢስታንቡል ሱቆቹ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ አይሸጡም።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ልጅ ካልያዝኩ ኢስታንቡል ነኝ፤ ካልሲዬም ቢረጥብ። የመመለሻውን ትኬት ግን ከመሄጃው ጋር አብራችሁ ቁረጡ። ለገና አገር ቤት የሚገባው ዲያስፖራ በዚያው ሰሞን ነው አውሮፕላኑን የሚሞላው፤ ዶሮው ደግሞ እናንተን አይጠብቅም።