የእንቁጣጣሽ ቃላት በምልክት ቋንቋ፦ የከዚራው የልጆች ሥልጠና

በድሬዳዋ ከዚራ በክረምቱ ዕረፍት ለልጆች የተሰጠው አጭር የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ሥልጠና፣ እንቁጣጣሽን መነሻ ማድረጉ ጠቅሞታል። መስማት የተሳናቸው መምህርት አበባን፣ ችቦንና ዳቦን በተናጠል ከማስጠናት ይልቅ፣ ልጆች አደይ አበባ ይዘው ጎረቤት ሲሄዱ በሚለዋወጡት የመልካም ምኞት ንግግር ውስጥ አስገብተው አለማምደዋቸዋል። ስም ለመጻፍ የሚያገለግለው የጣት ፊደል፣ የእጁ ቅርጽ ተነባቢውን፣ እንቅስቃሴው ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ድምፅ ስለሚያመለክት፣ ፊደል ለቆጠረ ልጅ ቶሎ ይገባዋል፤ ልጄ «ሀ»ን ወደ «ሁ» ስትለውጥ ቅርጹ ሲበላሽባት፣ መምህርቷ ጣቶቿን አንድ በአንድ ያስተካክሉላት ነበር። የታደለው የሥዕል ወረቀት ግን የእንቅስቃሴውን አቅጣጫ ስለማያሳይ ለቤት ልምምድ እምብዛም አይረዳም፤ አጭር ቪዲዮ ቢታከልበት የሥልጠናው ክፍያ አያስቆጭም። ሰዓቱም (የድሬን የቀትር ሙቀት የሚያውቅ ይረዳኛል) ወደ ጠዋት ቢዛወር ይመረጣል።