የአየርላንድ የዘር ሐረግ እናወጣላችኋለን የሚሉ ድርጅቶችን ተጠንቀቁ

ከአየርላንድ ዝርያ ካላቸው አሜሪካውያን ጋር ትዳር የመሠረታችሁ ወገኖች፣ በተለይ ቦስተንና አካባቢው ያላችሁ፣ ይህን ሳታነቡ ለማንም ገንዘብ እንዳትከፍሉ። እኛ በእናት ወገን ለልጆቻችን እስከ ሰባት ቤት ቆጥረን እንነግራቸዋለን። በአባታቸው ወገን ግን አንዱን የአየርላንድ አውራጃ ጠርቶ «ከኮርክ ነው የመጡት» ከማለት ያለፈ የሚያውቅ ሰው ብዙ ጊዜ አይገኝም። አንዳንድ ድርጅቶች ገበያ ያደረጉት ይህንኑ ክፍተት ነው።

አማቴ አዛውንት ናቸው። ለልጅ ልጆቻቸው ስጦታ እንዲሆን ብለው 850 ዶላር ከፍለው በቆዳ የተጠረዘ መጽሐፍ ተላከላቸው። ሽፋኑ ላይ «የሰሊቫን ቤተሰብ አርማ» በወርቅ ቀለም ታትሟል። አርማ በአየርላንድ የሚሰጠው ለአንድ ሰውና ለተወላጆቹ እንጂ ስሙ ሰሊቫን ለሆነ ሁሉ አይደለም። የአርማውን ገጽ ስትገልጡ ጥቂት የመዝገብ ቅጂዎች አሉ፤ ሁሉንም አንድ በአንድ አየኋቸው። ማንም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ በነጻ ሊያወጣቸው የሚችላቸው ናቸው።

የመሬቱ ገጽ «ግሪፍዝ ቫልዌሽን» ከሚባለው መዝገብ የተወሰደ ነው። ይህ መዝገብ ከ1847 እስከ 1864 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ለግብር ተብሎ የተዘጋጀ ሲሆን፣ መሬቱን የያዘው ጭሰኛ ማን እንደሆነ፣ ባለርስቱ ማን እንደሆነ፣ ስፋቱንና የዓመት ግምቱን ያሳያል። «አስክ አባውት አየርላንድ» በሚባለው ድረ ገጽ ከነካርታው በነጻ ይገኛል። የካቶሊክ አጥቢያዎችን የክርስትናና የጋብቻ መዝገብ ደግሞ የአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ከ2015 ጀምሮ ለሁሉም ክፍት አድርጎታል፤ ከ1,000 በላይ አጥቢያዎችን ይይዛል፣ እስከ 1880 አካባቢም ይደርሳል። የ1901 እና የ1911 የሕዝብ ቆጠራ በብሔራዊ መዛግብት ቤቱ ገጽ ላይ አለ። ከ1864 ወዲህ ያለው የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብም፣ ቅርብ ዓመታት ካልሆነ በቀር፣ በመንግሥት «አይሪሽ ጂንያሎጂ» ገጽ ላይ ያለ ክፍያ ይታያል።

እኔን ያንገበገበኝ ግን ገንዘቡ ብቻ አይደለም። መጽሐፉ የዘር አባት ብሎ ያቀረበው ጆን ሰሊቫን የአማቴ ቤተሰብ ጆን ሰሊቫን ለመሆኑ አንድም ማስረጃ የለም። በምዕራብ ኮርክና በአጎራባቹ አውራጃ በኬሪ ሰሊቫን እጅግ ብዙ ነው። ግሪፍዝን የጻፉት ሰዎች ራሳቸው በአንድ መንደር ያሉ ሞክሼዎችን መለየት ሲቸግራቸው ቅጽል ስም ወይም፣ ልክ እንደኛ፣ የአባት ስም ከጎኑ ይጨምሩ ነበር። ያ መዝገብ ደግሞ ሚስትንና ልጆችን አይጽፍም። ስለዚህ የግሪፍዝ ገጽ ብቻውን ቤተሰብን ከቤተሰብ ሊያገናኝ አይችልም። ድርጅቱ ግን ስም አይቶ ስም ገጠመ፤ ልጆቼ የማያውቋቸውን የሰው አያቶች የራሳቸው ብለው ሊያድጉ ነበር።

«እስከ 1500ዎቹ እናደርሳችኋለን» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ዝም ብላችሁ እለፉት። በሰኔ 1922 በእርስ በርስ ጦርነቱ ደብሊን የሚገኘው የመንግሥት መዛግብት ቤት ተቃጠለ። ከ1821 እስከ 1851 የተደረጉት ቆጠራዎች ከጥቂት ቅሪት በስተቀር የጠፉት ያኔ ነው፤ ከዚያ በኋላ የነበሩትን፣ እስከ 1891 ያሉትን፣ መንግሥት ራሱ አስቀድሞ አስወግዷቸዋል። የካቶሊክ መዝገቦች የተረፉት በየአጥቢያው ካህናት እጅ ስለነበሩ ነው፤ ቢሆንም በምዕራቡ ገጠር ብዙዎቹ የሚጀምሩት 1800ዎቹ ከገቡ ወዲህ ነው። ለድሃ ጭሰኛ ቤተሰብ ዱካው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው አካባቢ ይቆማል።

ፍለጋው መጀመር ያለበት አየርላንድ ሳይሆን እዚሁ አሜሪካ ነው። «አየርላንድ» ወይም «ኮርክ» ብቻ ይዞ መፈለግ አያዋጣም። አገሪቱ ከ60,000 በላይ ታውንላንድ የሚባሉ ትንንሽ ቀበሌዎች አሏት፤ መሬቱም ቤተሰቡም የተመዘገበው በእነሱ ነው። የቀበሌው ስም በመቃብር ድንጋይ፣ በሞት ማስታወቂያ፣ እዚህ በተጋቡበት ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ላይ ሊገኝ ይችላል። የቦስተኑ «ፓይለት» ጋዜጣም ከ1831 እስከ 1921 የጠፉ ዘመዶችን ማፈላለጊያ ዓምድ ነበረው፤ ብዙ ሰው ወንድሙን ሲያፈላልግ የትውልድ አጥቢያውን ጭምር ጽፎበታል። ቦታው ከታወቀ በኋላ የክርስትና መዝገቡን ስታዩ የክርስትና አባትና እናት የሆኑትን አትዝለሏቸው። ብዙ ጊዜ የቅርብ ዘመድ ናቸው፤ ሁለቱን ሞክሼ ጆኖች የሚለዩላችሁም እነሱ ሊሆኑ ይችላሉ። ስሞቹ በላቲን ስለሚጻፉ ጆን «ዮሐኔስ»፣ ጄምስ «ያኮቡስ» ሆኖ ቢመጣ አትደናገጡ።

ለባለሙያ መክፈል ነውር አይደለም። ሐቀኛ ባለሙያ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እጃችሁ ላይ ምን ሰነድ እንዳለ ነው፤ ፍለጋው ባዶ ሊሆን እንደሚችልም ሳይከፈለው ይነግራችኋል።

ከመጽሐፉ ጋር የአየርላንድ ፓስፖርት «እናስጨርሳለን» የሚል ወረቀትም ነበር። አያቱ በአየርላንድ ደሴት የተወለደ ሰው በቀጥታ ለአየርላንድ ውጭ ጉዳይ አመልክቶ በውጭ የተወለዱ ዜጎች መዝገብ ላይ መግባት ይችላል። ቅድመ አያት ብቻ ከሆነ ግን፣ ወላጁ እሱ ከመወለዱ በፊት ካልተመዘገበ በቀር አይሆንም። በ1840ዎቹ ረሃብ ጊዜ ለተሰደደ ቤተሰብ አምስተኛ ትውልድ ይህን መሸጥ ማታለል ነው።

አማቴ «ይህን ጆን ከኛው ጆን ጋር ያገናኘውን ሰነድ ላኩልኝ» ብለው ለድርጅቱ በጽሁፍ ጠየቁ፤ መልስ የለም። አሁን ለካርዳቸው ባንክ አቤት ብለናል። የከፈላችሁ ካላችሁ ማስታወቂያውን፣ ደረሰኙንና የተጻጻፋችሁትን ሁሉ አስቀምጡ፤ ባንኩ መጀመሪያ የጠየቀን ምን ቃል እንደተገባልን የሚያሳይ ወረቀት ነው።