«ሙሉ ሰርቪስ የተደረገለት» የቤንዚን ፓምፕ ሲሏችሁ ተጠንቀቁ

ያገለገለ የቤንዚን ውሃ ፓምፕ ልትገዙ ነው? ሻጩ ያለ ውሃ አስነስቶ «ይኸው፣ ይሠራል» ካላችሁ ትታችሁት ሂዱ። አላጋነንኩም። ሰው እየተሸወደ ያለው በዚህች ነገር ነው።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። የደከመ ፓምፕ በርካሽ ይገዛሉ። ያጥቡታል፣ ቀለም ይቀቡታል፣ አዲስ ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) ያስገቡለታል፣ የማስነሻ ገመዱን ይቀይራሉ፣ ስቲከር ይለጥፉበታል። ከዚያ «ሙሉ ሰርቪስ የተደረገለት» ይሆናል። ገዢ ሲመጣ ገመዱን አንዴ ሳብ፣ ሞተሩ ወዲያው ይነሳል፣ ድምፁም ደስ ይላል፣ ትንሽ አጓርተው ያጠፉታል። «ሰማህ አይደል?» ይሉሃል። የሰማኸው ግን ሞተሩን ነው። ስለ ፓምፑ ምንም አልሰማህም።

ሞተሩና ፓምፑ የተለያዩ ናቸው። ሞተሩ ያዞራል። ውሃውን የሚገፋው ዘንጉ ጫፍ ላይ የተገጠመው ኢምፔለር የሚባል ባለ ክንፍ ዕቃ ነው። ዘንጉ ከሞተሩ ወጥቶ ወደ ውሃው ክፍል የሚገባበት ቦታ ላይ ደግሞ «ሜካኒካል ሲል»፣ ባጭሩ «ሲል»፣ የሚባል ማሸጊያ ዕቃ አለ። ሁለት ለስላሳ ቀለበቶች ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ካርቦን ሌላው ሴራሚክ ነው፣ አንዱ ከዘንጉ ጋር ይዞራል ሌላው ባለበት ይቆማል፣ ፊት ለፊት ተጣብቀው ውሃው ወደ ሞተሩ እንዳያልፍ ይዘጋሉ። የሚያቀዘቅዛቸው ውሃው ራሱ ነው። ውሃ ከሌለ ወዲያው ይግላሉ። ሴራሚኩ ይሰነጠቃል፣ የሲሉ ጎማ ይቃጠላል። እንግዲህ ያ ሻጭ ለመጣው ሰው ሁሉ በደረቁ እያስነሳ የሚያሳይ ከሆነ፣ የምትገዙትን ዕቃ ዓይናችሁ እያየ እየገደለው ነው ማለት ነው።

እኔ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ደረሰኙ ላይ ሳይቀር «ሙሉ እድሳት» ተብሎ ተጽፏል። ሥራ ላይ እንደዋለ በሞተሩና በፓምፑ መካከል ካለችው ቀዳዳ ውሃ ይንጠባጠብ ጀመር። ቀጥሎ ጠብታው ፈሳሽ ሆነ። ከዚያ ጭራሽ ውሃ መሳብ አቃተው፣ ምክንያቱም ውሃ የሚወጣበት ክፍተት አየርም ያስገባል፣ አየር ከገባ ደግሞ ፓምፕ አይስብም። ስንከፍተው ሜካኒካል ሲሉ ተሰንጥቋል፣ ፊቱ ላይ የቃጠሎ ምልክት አለ። የኢምፔለሩ ክንፎች ተበልተው ከቤታቸው ጋር የነበራቸው ክፍተት ሰፍቷል። የፓምፑ ጓርኒሲዮን (በሁለት ክፍሎች መካከል የሚገባው ማሸጊያ) መኖር በነበረበት ቦታ ሲሊኮን ተለቅልቋል። ዘይቱ ጥቁር ነው፣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። «ሙሉ እድሳት» የተባለው ካንዴላና ቀለም ብቻ ነበር።

ሻጩ ጋ ስመለስ የሰጠኝ መልስ ደግሞ የባሰ ነው። «ዋስትናው ለሞተሩ ነው፣ ሲልና ኢምፔለር አላቂ ዕቃ ናቸው» አለኝ። ሲሸጥ ግን ይህን አንድም ቃል አልተነፈሰም። አላቂ ዕቃ መሆናቸውማ እውነት ነው! ታዲያ አላቂውን ሳትቀይር ምኑን አደስከው? እስካሁን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ጭራሽ በኔ ወጪ ሊጠግንልኝ ጠየቀኝ።

ስለዚህ ልትገዙ ስትሄዱ እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) በእጃችሁ ጀርባ ቀረብ አድርጋችሁ ሞክሩት። ሞቅ ካለ ከመምጣታችሁ በፊት አስነስተውታል ማለት ነው፣ በብርዱ አልነሳ የሚል ሞተር እንዲህ ይደበቃል። እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ ወይም ሌላ ቀን ኑ። ከዚያ ሞተሩ በማጥፊያው እንደጠፋ የማስነሻ ገመዱን በቀስታ ሳቡ። የሆነ ቦታ ላይ ጠንከር ብሎ ሊይዛችሁ ይገባል። ምንም ሳይይዝ ሙልጭ ብሎ የሚመጣ ከሆነ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም ቫልቩ አልቋል።

የዘይቱን ክዳን ክፈቱ። ወተት የመሰለ ዘይት ውሃ ገብቶበታል። ቤንዚን የሚሸት ከሆነ ካርቡሬተሩ (ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው) ሳይዘጋ እያፈሰሰ ዘይቱን አቅጥኖታል፣ ቀጭን ዘይት ደግሞ ሞተር ይበላል። ውሃ ተሞልቶ ሲነሳ የሚያጨሰውንም እዩ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ጥቁር ከሆነ ብዙ ጊዜ የአየር ፊልትሮ መደፈን ወይም የካርቡሬተር ችግር ነው፣ እሱ ይሻላል፣ ይስተካከላል።

ዘይት ሲያንስ ሞተሩን የሚያጠፋ ሴንሰር ያላቸው ብዙ ፓምፖች አሉ። አንዳንድ ሰው ሴንሰሩ ሲያስቸግረው የሴንሰሩን የኤሌክትሪክ ገመድ ቆርጦ ይገላገላል። እናንተ ሳታውቁ ያለ ጠባቂ ሞተር ትገዛላችሁ ማለት ነው። ከዘይቱ ቋት የምትወጣውን ቀጭን ገመድ ተከትላችሁ የተቆረጠችና በቴፕ የተጠቀለለች መሆኗን እዩ።

ዋናው ፈተና ግን ውሃ ነው። ከላይ ባለው ቀዳዳ የፓምፑ ቤት እስኪሞላ ውሃ ይጨመርበት፣ መሳቢያ ቱቦውና ወንፊቱ ይገጠም፣ ከዚያ ይነሳ። በርሜልም ኩሬም ይሁን፣ ግድ የለም፣ ብቻ ከፓምፑ ዝቅ ካለ ቦታ ይሳብ። ከፓምፑ ከፍ ያለ ታንከር ላይ ከገጠሙላችሁ ውሃው ራሱ ይወርዳል፣ የመሳብ አቅሙን አያሳይም። ሲሠራ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ይቆይ። በዚያ መሀል ጎንበስ ብላችሁ በሞተሩና በፓምፑ መካከል ከታች እዩ። ጠብታ ካለ ሲሉ ሄዷል። ሻጩ «ይሄ ምንም አይደል፣ ሲሞቅ ይዘጋል» ይላችኋል። አይዘጋም።

ስቲከሩ ላይ ያለውን ቁጥርም በጥንቃቄ አንብቡት። 30 ሜትር ከፍታ፣ በደቂቃ 1000 ሊትር ተብሎ ይጻፋል፣ ሻጩም ሁለቱን አንድ ላይ እንደምታገኙ አድርጎ ያወራል። አታገኙም። 1000 ሊትሩ ምንም ከፍታ ሳይወጣ ሲፈስ ነው፣ በ30 ሜትሩ ላይ ደግሞ ውሃው ከናካቴው መፍሰሱን ያቆማል። እናንተ የምትሠሩት በሁለቱ መካከል ነው። «ከ15 ሜትር ጉድጓድ ይስባል» የሚላችሁን ደግሞ እንዳትሰሙት። እንዲህ ያለ ፓምፕ ውሃውን የሚያመጣለት የአየር ግፊት ነው፣ በባህር ወለል ላይ እንኳ በሂሳብ ደረጃ ከ10 ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው፣ በተግባር 7 ወይም 8 ሜትር ላይ ያበቃል። ከፍታ ቦታ ላይ የምትኖሩ ደግሞ በየ1000 ሜትሩ ወደ 1 ሜትር ገደማ ቀንሱ።

አዲስ የምትገዙም አትዘናጉ። አዲስ ፓምፕ አብዛኛውን ጊዜ ከካርቶኑ ሲወጣ ዘይት የለውም። ሻጩ ዘይት ሳይጨምር አስነስቶ ካሳያችሁ ያንን ፓምፕ አትውሰዱት፣ ያልተከፈተ ካርቶን ጠይቁ። የመጀመሪያው ዘይት በ20 ሰዓት ሥራ ገደማ ይቀየራል፣ ከዚያ በኋላ በየ100 ሰዓቱ ወይም በየ6 ወሩ፤ የፋብሪካው መመሪያ ሌላ ካለ እሱን ተከተሉ። ይህን የማይነግራችሁ ሻጭ «ሰርቪስ እናደርጋለን» ሲል ምን ሊያደርግ እንደሆነ እኔ አይገባኝም።

ሰርቪስ የሚሰጣችሁንም ሰው እንዲሁ ያዙት። ከመጀመሩ በፊት የሚቀየረውን በዝርዝር አስጽፉት፣ አሮጌውንም ዕቃ ተቀበሉት። «ሜካኒካል ሲሉን ቀየርኩ» ካለ የተበላውን ሲል ያሳያችሁ። ካንዴላ ከተቀየረ ክፍተቱ ለብዙዎቹ ትንንሽ ሞተሮች ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊሜትር ነው፣ ሲለካው እዩ። ስፖንጅ ፊልትሮ በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት ነክቶት ተጨምቆ ነው የሚመለሰው። በአየር ነፍቶ ብቻ መልሶ ከከተተው አልሠራውም።

ዋስትናውን በተመለከተ፣ «ዋስትና አለው» የሚለውን ቃል ብቻ አትቀበሉ። ሜካኒካል ሲል፣ ኢምፔለርና ካርቡሬተር ይካተቱ አይካተቱ ወረቀቱ ላይ በስማቸው ይጻፍ። «በውሃ ተሞክሮ ርክክብ ተደርጓል» የሚልም ጨምሩበት። አልጽፍም ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ቀድማችሁ ገዝታችሁ አሁን የሚንጠባጠብ ከሆነ ደግሞ እያፈሰሰ አታሠሩት። ውሃው ዘንጉን ይዞ ወደ ሞተሩ መግባት ከጀመረ ኩሽኔታውን (ዘንጉ የሚዞርበትን ተሸካሚ) ያበላሻል፣ ዘይቱንም ያጠፋል። ሲሉን ብቻ መቀየር ሞተር ከማደስ በእጅጉ ይረክሳል። ስትቀይሩ ሁለቱንም ቀለበት አንድ ላይ ቀይሩ፣ ፊታቸውን በቅባታም እጅ አትንኩ፣ ከተገጠመ በኋላም የፓምፑን ቤት ውሃ ሳትሞሉ ገመዱን አትሳቡ።