የሙዚቃ ባንድን ቤት ውስጥ ለመቅረጽ፦ የጭቃ ቤት፣ ቪላ ወይስ ኮንዶሚኒየም?

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ ባንድ ያላቸው ልጆች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ማይክ ነው። "የቱን እንግዛ?" ይላሉ። እኔ ደግሞ "የት ቤት ነው የምትቀርጹት?" እላለሁ። ጥሩ ማይክ መጥፎ ክፍልን አያድንም፤ እንዲያውም ጉዱን አጥርቶ ያወጣል። ስለዚህ ብሩን ከመበተናችሁ በፊት ቤቱን እንምረጥ። ደላላ የሚያሳያችሁ ቤት አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው፤ የድሮ የጭቃ ቤት፣ የብሎኬት ቪላ ወይም ኮንዶሚኒየም።

ኮንዶሚኒየሙን ቶሎ እንለፈው። ድራም ካላችሁ አይሆንም። የኪክ፣ ማለትም በእግር ፔዳል የሚመታው ትልቁ ድራም፣ ምት በአየር ብቻ አይሄድም፤ በወለሉ ኮንክሪት ገብቶ ታች ቤት ይወርዳል። ምንጣፍ ብትደራርቡም አይቆምም። ኤሌክትሪክ ድራም እንኳ ፔዳሉ ሲረገጥ ከታች ያለው ጎረቤት ይሰማዋል። ክራር፣ ኪቦርድና ድምፅ ብቻ ከሆነ የምትቀርጹት ግን ችግር የለውም።

ፉክክሩ በቪላውና በጭቃ ቤቱ መካከል ነው።

ቪላው ዓይን ይስባል። ግድግዳው ልስልስ ያለ ልስን፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ መስኮቱ ሰፊ መስታወት። ለቀረጻ ግን ሦስቱም ጠላት ናቸው። ሳሎኑ መሃል ቆማችሁ አንዴ አጨብጭቡ። ጭብጨባው ካለቀ በኋላ "ዝርርር" የሚል ነገር ከተከተለ፣ ድምፁ ፊት ለፊት በተያዩ ሁለት ግድግዳዎች መካከል እየተመላለሰ ነው ማለት ነው። ያ ዝርርታ በስኔሩም (ጠንከር ያለ ድምፅ ያለው ትንሹ ድራም)፣ በሲምባሉም (የብረት ሰሃኑ)፣ በዘፋኙ ድምፅም ላይ ይቀመጣል። አንዴ ከተቀረጸ በሚክሲንግ፣ ማለትም በኋላ ድምፆቹ ሲቀናጁ፣ አይወጣም።

የድሮው ቤት ሌላ ነው። ጭቃው በጭድ የተቦካ፣ ፊቱ ሻካራ፣ ግድግዳው ወጣ ገባ ያለ ነው። ድምፁን እንደ ሴራሚክ አይመልስም። ኮርኒሱ ችፑድ ከሆነ ደግሞ ተጨማሪ ጥቅም አለው፤ ከበላዩ ካለው ባዶ ቦታ ጋር እየተርገበገበ ከቤዙ (ከወፍራሙ ድምፅ) ላይ የተወሰነውን ይበላል። በደንብ መመታቱን ብቻ እዩ። አንድ ምስማር የላላ እንደሆነ ቤዙ በተመታ ቁጥር ይንጫጫል።

የጭቃ ቤት ድክመቱ ድምፅ ማስወጣቱ ነው። ግድግዳው ከጣሪያው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ክፍት ይሆናል፤ በሩም ከመቃኑ ጋር አይገጥምም። ከጠቅላላው ግድግዳ 1 በመቶ የምታህል ክፍተት ካለች፣ የቀረው ግድግዳ የቱንም ያህል ወፍራም ቢሆን ድምፁ በእሷ በኩል ይወጣል። ከውጭም ይገባል። በዚህ ቪላው ያሸንፋል። በውስጥም በውጭም የተለሰነ የ20 ብሎኬት ግድግዳ ከባድ ነው። ልስን የሌለው ብሎኬት ግን አያታላችሁ፤ ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ ድምፅ ያሳልፋል።

ስለዚህ ምርጫው በጎረቤታችሁ ይወሰናል። ግቢው ሰፊ ከሆነ፣ የሰው መኝታ ቤት ከእናንተ ግድግዳ ጋር ካልተያያዘ፣ እኔ ያለ ማመንታት የጭቃውን ቤት እመርጣለሁ። ኪራዩም ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ቤት ከቤት የተጠጋጋበት ሰፈር ከሆናችሁ ቪላውን ያዙና ሴራሚኩን በምንጣፍ አልብሱት።

ሣር ክዳን ያለው ክብ ጎጆ ያላችሁም አትናቁት። ሣሩ ድምፅ ይውጣል፣ ጣሪያው ሾጣጣ ስለሆነ ከወለሉ ጋር አይተያይም። ክብ ግድግዳ ግን ድምፁን ሰብስቦ መሃል ላይ ይጥለዋል፤ ማይክ መሃል ላይ አታቁሙ። ከሣር ክዳን ሥር የኤሌክትሪክ ሽቦ ስትዘረጉም ጥንቃቄ ይጠይቃል።

አሁን ወደ ክፍሎቹ እንግባ። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። 172ን ለክፍሉ ርዝመት ስታካፍሉት ክፍሉ ከመጠን በላይ የሚያጎላውን ዝቅተኛ ድምፅ በኸርዝ (በሴኮንድ የንዝረት ብዛት) ታገኛላችሁ። 4 ሜትር ከሆነ 43 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ሲመታ 41 ኸርዝ ነው፣ እዚያው ጎረቤት። ርዝመቱም ስፋቱም 4 ሜትር ከሆነ ጉልበቱ ይደረባል። 3 በ3 ሆኖ ከፍታውም 3 ሜትር የሆነ መኝታ ቤት ደግሞ ከሁሉም ይብሳል፤ ሦስቱም 57 ኸርዝ ላይ ይገጥማሉ። 4 በ6 የሆነ ሳሎን ከ5 በ5 ይሻላል የምለው ለዚህ ነው። ስሌቱ ከከበዳችሁ ቤዙንና አምፑን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከወፍራሙ ክር ጀምራችሁ አንድ በአንድ፣ በእኩል ጉልበት ምቱ። አንዷ ኖታ ብቻዋን ቤቱን ካናወጠች፣ ወይም የላሜራው በር አብሮ ከጮኸ፣ መልሱን አገኛችሁ።

ላሜራ በር በነገራችን ላይ መፍትሔ አለው። አሮጌ ካላማዳሪያ በቀጭኑ ቆርጣችሁ መቃኑ ዙሪያ ለጥፉ። መንጫጫቱም ይቀራል፣ ክፍተቱም ይደፈናል። የላላ መስታወት በስቱኮ ይያዛል።

ድራሙን ሳሎን አድርጉት፤ ትልቁና ጣሪያው ከፍ ያለው ክፍል የእሱ ነው። ጥግ ላይ አታስቀምጡት፣ ትክክል መሃል ላይም አይሁን። ቤዝ ጊታር ያለ ማይክ በቀጥታ በዲአይ (ጊታሩን ከሳውንድ ካርዱ ጋር በገመድ የሚያገናኝ ትንሽ ሳጥን) ስለሚገባ ቤዚስቱ ከድራመሩ ጎን ይቁም። ማሲንቆና ድራም ግን አንድ ክፍል ውስጥ አይስማሙም። የማሲንቆው ማይክ ውስጥ የሚሰማችሁ ሲምባል ይሆናል። ማሲንቆውን አጠገቡ ያለው መኝታ ቤት አስገቡትና በሩን ገርበብ አድርጉት፣ ተጫዋቾቹ እንዲተያዩ። ይህን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። የእኛ ጨዋታ በዓይን ነው የሚመራው። ማሲንቆ መቺውና ድራመሩ ካልተያዩ፣ እስክስታው የሚሞቅበት ቦታ ላይ አንዱ ይቀድማል፣ ሌላው ይቀራል። በሩ ተከፍቶ ትንሽ ድምፅ ቢያልፍ ይሻላል።

ዘፋኙ በመጨረሻ ለብቻው መኝታ ቤት ውስጥ ይቀረጽ። ልብስ የሞላው ቁም ሳጥን ተከፍቶ፣ ከኋላው ፍራሽ ቆሞ። የሰርቪስ ቤቱ ደግሞ ለጊታር አምፕ ይሆናል፤ ያም ባይሆን ለኤኮ። እ.ኤ.አ. በ1959 ቤሪ ጎርዲ ለሙዚቃ ኩባንያው ለሞታውን አሜሪካ ዲትሮይት ላይ መኖሪያ ቤት ሲገዛ ስቱዲዮውን ከቤቱ ጋራዥ ነው ያበጀው፤ የኤኮ ክፍሉ ጣሪያ ሥር ነበር። እናንተም ሴራሚክ የለበሰውን መታጠቢያ ቤት እንደዚያ ተጠቀሙበት። ስፒከር አስገብታችሁ የተቀረጸውን ድምፅ ልቀቁበት፣ በሌላ ማይክ መልሳችሁ ቅዱት።

ግድግዳ ላይ ምን እንስቀል? የእንቁላል ካርቶን ተዉት። ቀጭን ነው፤ ቤዙን አይነካም፣ ወደ ውጭ የሚወጣውንም አያስቀርም። ብርድ ልብስና መጋረጃ ሲምባሉን ያለዝባሉ፤ ከዚያ በታች አይወርዱም። ወፍራም ባና ከእነሱ ይሻላል። ከሁሉም የምወደው ግን የጥጥ ፍራሽ ነው። በሞራሌ ፍሬም አሠሩ፣ ጥጡን ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ሙሉት፣ በአቡጀዲ ሸፍኑት፣ ከግድግዳው ደግሞ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ፈቀቅ አድርጋችሁ አቁሙት። ፈቀቅ ማለቱ ይበልጥ ዝቅ ያለውን ድምፅ እንዲይዝ ያደርገዋል። ጥግ ጥጉ ላይ ወፍራሙን አድርጉ፤ ቤዝ የሚከማቸው እዚያ ነው። ጭድ በማዳበሪያ ሞልቶ መደርደርም ይቻላል ይላሉ። እኔ በሽቦ መሃል ጭድ አላስቀምጥም።

ዕቃውም ከክፍሉ ጋር ይታያል። ባለ ሁለት ማይክ ሳውንድ ካርድ ብቻ ካላችሁ አንድ በአንድ ነው የምትቀርጹት፤ ታዲያ ለትልቅ ሳሎን ኪራይ ምን አስጨነቃችሁ? አንድ ደህና መኝታ ቤት ይበቃል፣ ድራሙን በፕሮግራም ትሠሩታላችሁ። ባንዱ አብሮ እንዲጫወት ከፈለጋችሁ ስምንት መግቢያ ያስፈልጋል። ቤሪንገር ዩኤምሲ1820ም፣ ፎከስራይት ስካርሌት 18አይ20ም ስምንት የማይክ መግቢያ አላቸው። ለድራም አራት ማይክ በቂ ነው፤ ኪክ፣ ስኔርና ከላይ ሁለት። የላይኞቹ ሁለቱ ከስኔሩ እኩል ርቀት ይኑራቸው፣ በገመድ ለኩት። የቀሩት አራት ለቤዝ፣ ለክራር፣ ለማሲንቆና ለመሪ ድምፅ (ባንዱ እንዲከተለው ብቻ የሚዘፈን፤ ዋናው በመጨረሻ ይቀረጻል) ይሆናሉ። በእኔ ግምት ከሁለቱ ርካሹን ገዝታችሁ የተረፈውን ለፍራሽና ለሄድፎን ብታውሉት ሥራችሁ ይበልጥ ያምራል።

ቆርቆሮ ክዳን ካላችሁ ክረምቱን አስቡት። ከሰኔ እስከ መስከረም የጎጃም ዝናብ ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ ሲጀምር ቀረጻው ያበቃል። ብዙ ጊዜ ከሰዓት ስለሚጥል ጠዋቱን ተጠቀሙበት። የከበሮ ቆዳም በእርጥበት ይላላል፣ በየመሃሉ መሞቅ ይፈልጋል። መብራት ሲሄድ ጀነሬተር የምታስነሱ ከሆነ የሚቀመጥበትን ቦታ ከአሁኑ እዩ፤ ሰርቪሱ ጀርባ ይሁን። ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ ቤቱ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ መከላከያ ሽቦ) እንዳለው አረጋግጡ። ኧርዝ የሌለው ቤት በጊታሩ ውስጥ "እምምም" ይላል፣ ሰውንም ይይዛል።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት አከራዩን ፊት ለፊት አነጋግሩ። "ሙዚቃ እንሠራለን" ማለት አይበቃም፤ ድራም እንዳለ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት እንደሚመታ ንገሯቸው፤ በውሉም ይጻፍ። ሰፈሩ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ካለ የቅዳሴውንና የአዛኑን ሰዓት ጠይቁ። ሁዳዴ ሲገባ ድራሙን አቁሙና ሚክሲንግ በሄድፎን ሥሩ። የእስክስታ ምት በጾም ከግቢያችሁ ሲወጣ የሰሙ እናቶች ቅር ይላቸዋል፤ ከእነሱ ጋር ተቀያይሞ የሚከራዩት ቤት ደግሞ ሳሎኑ የቱንም ያህል ቢሰፋ አይበጅም።