አንሲብል፦ ከመሣሪያው ይልቅ ማኅበረሰቡ

ሰርቨር ውስጥ እየገባ አንድ በአንድ በእጅ ማስተካከል ለሰለቸው ሰው ብዙ ማሽኖችን ከአንድ ቦታ የሚያስተካክለውን አንሲብል የተባለ ሶፍትዌር ሳላቅማማ እመክራለሁ። ማይክል ደሃን እ.ኤ.አ. በ2012 ሲጀምረው ሐሳቡ ቀላል ነበር። በሚታዘዘው ማሽን ላይ ምንም ኤጀንት (ትእዛዝ ተቀባይ ረዳት ፕሮግራም) አይጫንም፤ ኤስኤስኤች (ከርቀት በደህንነት መግቢያው መንገድ) እና የፕሮግራም ቋንቋው ፓይተን ካሉ አብዛኛው ሥራ ይሄዳል። ትእዛዙ የሚጻፈው ለማንበብ ቀላል በሆነው የጽሑፍ ቅርጽ በያምል ነው። ኢንጂንኤክስ (የድረ ገጽ ሰርቨር ሶፍትዌር) ተጭኖ መገኘት አለበት ብላችሁ ትጽፋላችሁ፣ ከሌለ ይጭነዋል፣ ካለ ደግሞ ምንም ሳይነካ ያልፋል፣ ስለዚህ ያንኑ ፕሌይቡክ (የትእዛዝ ፋይል) ደጋግማችሁ ብታስኬዱት አያሰጋም።

እኔን ይበልጥ የማረከኝ ግን ማኅበረሰቡ ነው። የሲስተም አስተዳዳሪ ፕሮግራመር ባይሆንም ሮል (ተደጋግሞ የሚያገለግል የትእዛዝ ጥቅል) ጽፎ ጋላክሲ በተባለው የአንሲብል መጋሪያ ድረ ገጽ ላይ ማካፈል ይችላል። መግቢያው ቀላል ስለሆነ ብዙ ሰው ገባ። የሶፍትዌር ኩባንያው ሬድ ሃት በ2015 ከገዛው በኋላም ኮዱ ክፍት ሆኖ ቀጥሏል። የሞጁሉ (አንድ አንድ ሥራ የሚሠራው የኮድ ክፍል) ብዛት ግን ዋናውን ፕሮጀክት አጨናነቀው፤ ሰው የላከው ማሻሻያ ገምጋሚ እስኪያገኝ ወረፋ ይጠብቅ ነበር። በ2020 በወጣው 2.10 ቅጂ አብዛኞቹ ሞጁሎች ከዋናው ተነጥለው ወደ ኮሌክሽኖች (ለብቻ የሚወጡ ስብስቦች) ተከፋፈሉና በየራሳቸው ፍጥነት መውጣት ቻሉ። በእኔ እይታ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር።

ጉድለትም አለው። ማሽኖቹ ሲበዙ ይዘገያል። ጋላክሲ ላይ ያለውም ሁሉ እኩል ጥራት የለውም፤ ባለቤታቸው የተዋቸው ሮሎች አሉ። ከመጠቀማችሁ በፊት መጨረሻ የተነካው መቼ እንደሆነ፣ ለጥያቄ መልስ የሚሰጥ ሰው እንዳለ እዩ። ከወደዳችሁት ደግሞ የጎደለ ማብራሪያ ጽፋችሁ ላኩ፤ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም።